የኮምባይነሩ አባት

የመጀመሪያ ታሪኬን ለሰው ያሳየሁት ማክሰኞ ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ የአንድ መምህር የዝውውር ማመልከቻ ከማተሚያው እስኪወጣ እየጠበቅሁ ነው። ያን ጊዜ ባሌ ሮቤ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ብዙ በማይርቅ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ቀኑን ሙሉ የምጽፈው የሌላ ሰው ቃል ነው። «ለሚመለከተው ሁሉ»፣ «ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው»፣ «ከሰላምታ ጋር»። ሰዎች ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ችግራቸውን ይነግሩኛል፤ እኔ አስተካክዬ እጽፍላቸውና አነብላቸዋለሁ። «አዎ፣ እንዲህ ነው ማለት የፈለግሁት» ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር። የመጻፍ አምሮቱ የጀመረኝ ከዚያው ወንበር ላይ ሳይሆን አይቀርም።

ታሪኩን የለጠፍኩት በስልኬ በምከታተለው አንድ የሥነ ጽሑፍ ግሩፕ ላይ ነው። ብዙ ሺህ ሰው አለበት። ማክሰኞ የጀማሪዎች ቀን ስለሆነ ማንም ሰው ያልታተመ ሥራውን ይለጥፋል፤ ሌላው አስተያየት ይሰጣል። አንድ ጥብቅ ሕግ ነበራቸው፦ ጸሐፊው አይከራከርም፤ ዝም ብሎ ይሰማል። አንድ ዓመት ያህል የሰው ሥራ ሲብጠለጠል ከዳር ሆኜ ሳነብ ከርሜያለሁ። በሁለት መስመር ተሰድበው ግሩፑን ጥለው የወጡ ሰዎች አይቻለሁ። የእኔ ተራ ሲደርስ ግን የተለየ ይሆናል ብዬ ነበር መሰለኝ። ከእነሱ መካከል እንደዚያ ያላሰበ ያለ አይመስለኝም።

የብዕር ስም አወጣሁ፤ የወንድ ስም። ለምን ብባል «ዝም ብዬ ነው» እል ነበር። እውነቱ ግን ፈርቼ ነው።

ታሪኩ የአዳዳ ነበር። አዳዳ የአባቴ እህት ናቸው፤ አጋርፋ ይኖራሉ፤ ባላቸው ከሞቱ ዓመታት አልፈዋል። በአንድ የመኸር ወቅት ስንዴያቸው ደርሶ፣ ኮምባይነር የሚባለው የማጨጃ ማሽን ያለው ሰው «ነገ እመጣለሁ» ብሎ ቃል ገባላቸው። ነገ ከነገ ወዲያ እየሆነ፣ ደላሎቹም ማሽኑን ሰፋፊ መሬት ወዳላቸው ሰዎች እየወሰዱት ሦስት ሳምንት አለፈ። ከዚያ ያለጊዜው ዝናብ መጣና ስንዴውን መሬት ላይ አነጠፈው። ይህን የሰማሁት ቤታችን ሲወራ ነው፤ ያኔ እኔ ሮቤ ነበርኩ። ዝናቡ ሲወርድ አዳዳ ምን እንዳደረጉ ማንም ስላልነገረኝ ራሴ ፈጠርኩት። በታሪኬ መጨረሻ ባልቴቷ ጭቃው ላይ ተንበርክካ፣ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ፣ እያለቀሰች ትራገማለች። ስጽፈው እኔም አልቅሼ ስለነበር ጥሩ መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው አስተያየት «ጥሩ ጅምር ነው ወንድሜ፣ በርታ» የሚል ነበር። ማተሚያው ወረቀት ጨርሶ ሲጮህ እንኳን አልሰማሁም። ሁለተኛው ደግሞ «ባሌ ውስጥ ኮምባይነር አለ እንዴ? ገበሬ በበሬ አይደል የሚያበራየው?» አለ። በልቤ ሳቅሁ፤ አንድ ቀን መጥቶ ቢያይ ብዬ። ሦስተኛው መጣ።

«ይቅርታ፣ "የኮምባይነሩ አባት" ማለት ምን ማለት ነው? ኮምባይነሩ አባት ካለው እናቱ ማን ናት?»

ስልኩን አስጠግቼ ታሪኬን እንደገና አነበብኩት። አምስት ቦታ ላይ ጽፌዋለሁ። «የኮምባይነሩ አባት ስልኩን አያነሳም።» «የኮምባይነሩ አባት በነጭ መኪና አለፈ።» ቤታችን ውስጥ እንደዚህ ነው የሚባለው። በኦሮምኛ የአንድ ነገር ጌታ «አባ» ነው፤ የቤቱ አባ፣ የከብቱ አባ። አባቴ አማርኛ ሲናገር ባለሱቁን «የሱቁ አባት» ይለዋል፤ እኔም እንደዚያው ስል አድጌ ማንም አርሞኝ አያውቅም። መጽሐፍ የማነበው ሁሉ በአማርኛ ነው፤ ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር የማስበው። የሰው ማመልከቻ የማርመው እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ አስተያየቱ እንደ ዝናብ ወረደ። «ኮምባይነሩ ክርስትና ተነስቷል ወይስ ገና ነው?» «አባቱ አሳዳጊ ነው ወላጅ?» «መጀመሪያ አማርኛ ተማር፣ ከዚያ ትጽፋለህ።» «አድሚን፣ እንደዚህ ዓይነቱን ዝም ብላችሁ ነው የምታሳልፉት?» ሕጉ አትከራከር ነውና አልተከራከርኩም። ሥራ ስጨርስ የተጻፈው ከታሪኩ ራሱ ይረዝም ነበር።

በማግስቱ አንድ ሰው ጽሑፉን በስክሪንሾት አንስቶ፣ ቀልድ የሚለጥፍ ትልቅ ገጽ ላይ አወጣው። ከላይ «የዓመቱ ምርጥ አባት» ብሎ ጽፎበታል። ይህን ያየሁት ታናሽ ወንድሜ «ይሄን አየሽው? ሞትኩ በሳቅ» ብሎ ስለላከልኝ ነው። የሚስቅ ፊት ላክሁለት።

እነዚያን ቀናት ሳስታውስ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ስልኩ ነው። ላለማየት እምላለሁ፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አየዋለሁ። በመንገድ ላይ ሰዎች ሲስቁ ከሰማሁ ፍጥነቴን እጨምራለሁ። ማንም እንደማያውቀኝ አውቃለሁ፤ ስሙ የእኔ አይደለም፤ ጾታው እንኳን የእኔ አይደለም። ግን ሮቤ ትንሽ ከተማ ናት። ሰው ፊቴን ሲያይ ግንባሬ ላይ የተጻፈ ነገር የሚያነብ ይመስለኝ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ወጣቶች ቅጽ ሊያትሙ ገቡ። ከመሀል አገር መጥተው እዚህ የተቀጠሩ የጤና ባለሙያዎች ናቸው፤ ደንበኞቻችን ስለሆኑ አውቃቸዋለሁ። እኔ የአንዲት ሴትዮ መታወቂያ ላሚኔት እያደረግሁ ነው። አንደኛው ስልኩን አውጥቶ ለጓደኛው ማንበብ ጀመረ።

«ስማ ይሄን፤ "የኮምባይነሩ አባት በነጭ መኪና አለፈ። ልጁን ግን አላመጣውም።"»

«ልጁን» የሚለውን እኔ አልጻፍኩትም። ቀልደኞቹ ጨምረውበት ነበር።

የሱቁ ባለቤት፣ አሠሪዬ፣ ከውስጥ ወጥታ «ምንድነው እንዲህ የሚያስቃችሁ?» አለች። አነበበላት። እሷም በእጇ አፏን ሸፍና ሳቀች። «ይሄማ የእኛ አገር ልጅ ነው! አባቴም እንደዚህ ነው የሚለው» አለች።

«ታዲያ እንዴት ይጽፈዋል?» አለ ያነበበው ልጅ። «ማውራትና መጻፍ አንድ ነው እንዴ?»

ወደ እኔ ዞሮ «አንቺ ጸሐፊ አይደለሽ፣ ፍረጂን» አለኝ። ጸሐፊ ያለኝ በሥራዬ ነው፤ ታይፕ የምታደርግ ማለቱ ነው። እኔ ግን የታወቀብኝ መሰለኝ። ምን እንደመለስኩለት አላስታውስም። የማስታውሰው የላሚኔቱ ማሽን የሴትዮዋን መታወቂያ በሰያፉ ጎርሶ፣ ፎቶዋን አጨማዶ ሲተፋው ነው። ሴትዮዋ ጮኸች። አሠሪዬም ደንግጣ «ምን ሆነሻል አንቺ ሰሞኑን?» አለችኝ። «አሞኝ ነው» ብዬ ከሴትዮዋ ጋር ቀበሌ ድረስ ሄጄ አስረዳሁላት፤ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ራሴ ጽፌ፣ ራሴ ፈርሜ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የመጣው አስተያየት ግን ከሁሉም የባሰ ነበር። ቀልድ አልነበረበትም። የጻፈው፣ በፎቶው ቦታ ባዶ ወንበር ያደረገ፣ ግሩፑ ውስጥ ሁሉም የሚፈራው ሰው ነው። እንዲህ ይላል፦

«በአባትና በእናት የምትስቁ ሰዎች ዋናውን ነገር አላያችሁትም። ይህ ልጅ ማሽኑን ያውቀዋል፤ የስንዴውን ድምፅ ያውቃል፤ ደላላውን ያውቀዋል። ሴትዮዋን ግን ጭራሽ አያውቃትም። ጭቃ ላይ ተንበርክኮ ሰማይ የሚራገም ሰው ያየው ፊልም ላይ ነው። የሰው ሐዘን ወስዶ የራሱን ማልቀሻ አድርጎታል። አትጻፍ አልልህም። እስክታውቃት ድረስ ግን አትለጥፍ።»

በቀልዶቹ ስናደድ ነበር። በዚህኛው መናደድ አቃተኝ። «የራሱን ማልቀሻ» የምትለዋን ቃል አሥር ጊዜ አነበብኳት። ስጽፍ አልቅሼ እንደነበር እሱ በምን አወቀ?

አርብ ከጁምዓ በኋላ የአዳዳ ታላቅ ልጅ ደወለ። አጋርፋ ነው የሚኖረው፤ ቁጡ ሰው ነው። ሰላምታ እንኳን በቅጡ ሳይጨርስ፦

«ስልክ ላይ የሚዞረውን ነገር አይተሻል?» አለኝ።

«የቱን?»

«የኮምባይነሩን። እናቴ ናት እኮ! ባሏ የሞተ፣ ሦስት ሳምንት የጠበቀች፣ ዝናብ የመታት። አጋርፋ ሁሉ አውቋታል። አሁን ሰውየው ቢሰማ "ስሜን አጠፋችሁ" ብሎ ቢነሳብን ምን እንላለን? በሚቀጥለው መኸር ማን ያጭድልናል?»

ስለ ሰውየው አስቤ አላውቅም ነበር። በነጭ መኪና አሳለፍኩት እንጂ ነገ አዳዳን እንደሚያገኛቸው አላሰብኩም።

«አንቺ ኮምፒውተር ላይ ነሽ» ቀጠለ፤ «ማን እንደጻፈው አጣርተሽ ንገሪኝ። ወንድ ነው። ስሙ የውሸት ይመስላል። ከእኛ ሰፈር የወጣ ነው።»

«እሺ» አልኩት። እሺ!

እሑድ ሱቃችን ዝግ ነው። ልጃቸው ከማወቁ በፊት ለራሳቸው ለአዳዳ መንገር አለብኝ ብዬ በጠዋት አጋርፋ የሚሄድ ሚኒባስ ያዝኩ። መንገዱ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ስንዴው ገና አረንጓዴ ነበር፤ በሁለቱም በኩል ነፋሱ እያስተኛ ያነሳዋል። በልቤ የምናገረውን እያዘጋጀሁ፣ እየሰረዝኩ፣ እንደገና እያዘጋጀሁ ነበር። ማመልከቻ እንደሚጽፍ ሰው፦ «ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ።» መኪናው ባይደርስ ደስ ባለኝ።

አዳዳ ከቤታቸው ጎን፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነጭ ሽንኩርት ከአፈሩ እያራገፉ በጥቅል በጥቅል ያስራሉ። አይተውኝ ደነገጡ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ! ምን ሆናችሁ? ሰው ደህና ነው?»

«ደህና ነን አዳዳ። ሁሉም ሰላም ነው።»

ከእሳቸው ጋር የምናወራው በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛ ይሰማሉ፣ መናገሩን ግን ብዙ አይወዱትም። ጎናቸው ተቀምጬ ሽንኩርት ማሰር ጀመርኩ። ሦስት ጥቅል ካሰርኩ በኋላ ነገርኳቸው። ሁሉንም፤ ስሙንም፣ ግሩፑንም፣ ልጃቸው የሰጠኝንም አደራ።

እጃቸው ቆመ። «ስለ እኔ ነው የጻፍሽው?»

«አዎ።»

«የት አለ?»

«ስልኬ ውስጥ።»

«አንብቢልኝ።»

እዚያው ወደ ኦሮምኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። ማሽኑ ከሩቅ ሲሰማ የሚለው ቦታ ላይ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደላላው «ነገ፣ ኢንሻአላህ ነገ» የሚልበት ጋ «አዎ፣ እንዲህ ነበር የሚለው፤ አላህን ምስክር እየጠራ» አሉ። መጨረሻው ላይ ስደርስ፣ ጭቃውና ማልቀሱ ጋ፣ ቀና ብለው አዩኝ።

«ኩን ሶባ» አሉ። ይሄ ውሸት ነው።

ስልኩን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

«ማን ነው የተንበረከከ? እኔ? ለዝናብ? ዝናብ የአላህ ነው፤ እንዴት እረግመዋለሁ? ሰው ይሄን አንብቦ እኔን ምን ይለኛል?»

«ሰዎቹ የሳቁት በሌላ ነው» አልኳቸው፤ ምናልባት ቁጣቸው ቢበርድ ብዬ። «"አባ ኮምባይነራ" የሚለውን በአማርኛ "አባት" ብዬ ስለጻፍኩት ነው።»

ቀጥሎ የሚያስቅ ነገር እንዳለ ጠበቁ። ምንም እንደሌለ ሲገባቸው «ታዲያ ምን ይባላል?» አሉ።

«ባለቤት።»

«ባለቤት?» አሉ ግራ ገብቷቸው። «ባለቤት ባል አይደለም እንዴ? ኮምባይነሩ አግብቷል?»

ከማክሰኞ ጀምሮ ያልሳቅሁትን ሳቅሁ። እሳቸውም መሳቄን ሲያዩ ሳቁ፤ ለምን እንደምስቅ ግን የገባቸው አይመስለኝም። እኔም ያ ባዶ ወንበር ያለው ሰው የጻፈውን አስታውሼ፣ ከመጀመሪያው መጠየቅ የነበረብኝን ጥያቄ ጠየቅኋቸው።

«አዳዳ፣ ዝናቡ ሲመጣ ምን አደረጉ?»

አንዱን ሽንኩርት ሁለት ጊዜ አራገፉት።

«ጸጉሬን ታጠብኩ» አሉ።

«ምን?»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ከማሳው ዳር አልተነሳሁም። ውኃ ልቀዳ ብሄድ ይመጣና ያልፈኛል እያልኩ። ልብሴን አላጠብኩ፣ ጸጉሬን አልፈታሁ። ሌሊት እንኳን ጆሮዬ እዚያ ነው። ከዚያ ዝናቡ መጣ። ቆሜ አየሁት። ስንዴው ተኛ። አሁን የምጠብቀው ነገር የለም አልኩ። ገንዳዬን ጣሪያው ሥር አደረግሁ፣ ሲሞላ አስገብቼ በሩን ዘግቼ ጸጉሬን ታጠብኩ። ራሴ ቀለለኝ። እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም።» ወደ ሽንኩርቱ አጎንብሰው «በመቅለሉ ነው ያፈርኩት» አሉ። «ለማንም አልተናገርኩም። ይሄን አትጻፊ።»

«አልጽፍም» አልኩ።

ስነሳ አንድ ጥቅል ሽንኩርት አስያዙኝ። «ልጄን እኔ እነግረዋለሁ» አሉ። «አንቺ አትደውዪለት።»

ወደ ሮቤ ስመለስ ከመሄዴ በፊት የነበረው ጭንቀት ቀሎልኝ፣ ሌላ ጭንቀት ተተካበት። አሁን ሴትዮዋን አውቄያታለሁ፤ መጻፍ ግን አልችልም። ገንዳው፣ የተዘጋው በር፣ እርጥቡ ጸጉር ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ማመልከቻ ስጽፍ ጣቴ ራሱ ወደዚያ ይሄድብኛል። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሰረዝኩት። ቃል ገብቻለሁ።

ረቡዕ አዳዳ ደወሉ። አዳዳ ደውለውልኝ አያውቁም፤ አንድ ሰው ሞተ ብዬ ነው ያነሳሁት።

«ያልኩሽን ነገር ሳስብበት ነበር» አሉ። «ያኛው ውሸት እዚያ ቁጭ ብሎ እውነቱ ቢደበቅ ደስ አይልም። ጻፊው። ግን ሴትዮዋን ከአጋርፋ አውጪያት።»

«የት ልውሰዳት?»

«ጊኒር ትሁን። እዚያ የሚያውቀኝ የለም። እና ደግሞ...»

«እሺ?»

«ልጄ ሲያነበው፣ ጸጉር መታጠቡ ጋ ሲደርስ እኔ እዚያ አልሁን።»

ልጃቸው እስከ ኢድ ድረስ አላናገረኝም። በኢድ ሲመጣ እጁን ዘረጋልኝ፤ ስለ ታሪኩ ግን አንድም ቃል አልተነፈሰም። ይቅር ማለቱ ይሁን መናቁ አልገባኝም፤ ልጠይቀውም አልደፈርኩም።

ታሪኩን እንደገና ለመጻፍ ሁለት ወር ፈጀብኝ። «የኮምባይነሩ አባት» የሚለው ነገር ብዙ አስጨነቀኝ። ባለቤት ብዬ ቀየርኩትና አንብቤ ሳየው የአዳዳ ጥያቄ እየመጣ ያስቀኛል። እንዳለ ልተወው ስል ደግሞ እነዚያ ሁሉ ሳቆች ይሰሙኛል። በመጨረሻ እኔ ራሴ በምተርክበት ቦታ «የማሽኑ ጌታ» አልኩት፤ ሴትዮዋ ስትናገር ግን እንደ አፏ «የኮምባይነሩ አባት» እንድትል ተውኳት። ይህን ለመወሰን ብቻ ሁለት ሳምንት ወስዶብኛል። ሰው ቢሰማኝ እብድ ይለኛል።

በሌላ የብዕር ስም፣ በሴት ስም፣ አንድ ማክሰኞ ለጠፍኩት። ከለጠፍኩ በኋላ ስልኩን አጥፍቼ ጎባ ያለችውን የእናቴን እህት ልጠይቅ ሄድኩ፤ እዚያም ቁጭ ብዬ የምታወራኝን ግማሹን አልሰማሁም። ስመለስ አስተያየቱ አሥር አይሞላም። «ረጋ ያለ ነው»፣ «መጨረሻው ይሻላል»፣ «አልገባኝም፣ ለምን ጸጉሯን ታጠበች?» ስለ አባት የጠየቀ አንድም ሰው የለም። ባዶ ወንበር ያለው ሰው አንድ መስመር ጽፏል፦ «ገንዳውን አምኛለሁ። የመጀመሪያውን አንቀጽ ግን አውጪው፣ አያስፈልግም።» አወጣሁት። ትክክል ነበር። የድሮው ታሪክ ጸሐፊ መሆኔን አውቆ ይሁን ሳያውቅ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ በነበረው መኸር አንድ ቀን፣ የማሽኑ ጌታ ራሱ ወደ ሱቃችን ገባ። በነጭ መኪና አይደለም፤ በእግሩ ነው። አባቴ ሲያሳየኝ ስለነበር በመልክ አውቀዋለሁ። የኮምባይነሩን ሰነድ ፎቶኮፒ ሊያደርግ ነው። ወረቀቱን ተቀበልኩት። ማሽኑ ላይ አስቀመጥኩ፣ ተጫንኩ፣ ብርሃኑ አለፈ። ሰውየው ትክ ብሎ እያየኝ ነው።

«የማን ልጅ ነሽ?» አለኝ።

የአባቴን ስም ነገርኩት።

«አሃ» አለ።

ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ። በዚያው መኸር ለአዳዳ ማሽን በጊዜው መጣላቸው፤ የመጣው ግን የእሱ ሳይሆን የሌላ ሰው ነበር። ያችን «አሃ» ብዙ ቀን ስተረጉማት ከረምኩ። ዛሬም አንዳንዴ እተረጉማታለሁ።

አሁን በግሩፑ ውስጥ የቆየሁ ሰው ሆኛለሁ፤ አዲሶቹ «እህታችን፣ አንብቢልን» ይሉኛል። በቅርቡ አንዲት ልጅ ከቤቷ ወጥታ ስለምትሄድ ተማሪ የጻፈችውን ታሪክ ለጠፈች። «እንባዋ እንደ ጅረት ፈሰሰ» የሚል ነበረበት። ጣቴ ከእኔ ቀድሞ «ድልድይ ይሠራበት» ብሎ ጻፈ። ሰው እንደሚስቅ አውቃለሁ። ከሥር ሌሎች ተቀባብለው እስከ ማታ እንደሚጫወቱበትም አውቃለሁ። ጽፌ ጨርሼዋለሁ፤ የቀረው መላክ ብቻ ነው። ቀልዱ ጥሩ መሆኑ ነው ያስፈራኝ። እነዚያ በእኔ የሳቁት ሰዎች ክፉዎች ይመስሉኝ ነበር፤ ለካ እንዲህ ቀላል ነው።

ሰረዝኩትና በውስጥ መስመር «ልጅቷ ከቤት ስትወጣ በእጇ ምን ይዛለች?» ብዬ ጠየቅኋት።

መልስ የለም። በማግስቱም የለም። የለጠፈችው ታሪክ ከግሩፑ ጠፋ፤ ራሷ አጥፍታዋለች። ከሥሩ ሌሎች ምን ምን ብለዋት እንደነበር ስላየሁ አልገረመኝም፤ ግን የእኔም ጥያቄ የጨመረባት መሰለኝ። የጻፍኩትን ጥያቄ ደጋግሜ አነበብኩት፤ ክፋት አለበት? እንደ ፈተና ይመስላል? «እህቴ» ብዬ መጀመር ነበረብኝ?

ሳምንት አልፎ መልእክት መጣ። ሰላምታም የለውም።

«ምንም አልያዘችም። ቁልፍ ብቻ ነው።»

«የምን ቁልፍ?» አልኳት።

ከስሟ በታች «እየጻፈች ነው» የሚለው ብቅ አለ። ጠፋ። ከፊት ለፊቴ አንድ አዛውንት የጡረታ ማመልከቻቸውን እስክጀምርላቸው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። «አንድ ጊዜ አባባ፣ አሁን እጀምርልዎታለሁ» አልኳቸው፤ ዓይኔን ግን ከስልኩ ማንሳት አልቻልኩም።